ከዳካ እና ከቶኪዮ የመጣው መዝገበ ቃላት

በ1920ዎቹ ዳካ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማር የቤንጋል ልጅ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ «ሲ» በሚባልበት ቦታ «ቢሆልድ»፣ «ቢፎር» በሚባልበት ቦታ «ኢር»፣ «አይላንድ» በሚባልበት ቦታ «አይል» የሚሉ ቃላት ያጋጥሙት ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛውያን ራሳቸው ከግጥም መጽሐፍ ውጪ እምብዛም የማያነሷቸውን እነዚህን ቃላት ልጁ ሸምድዶ ይይዛል፤ ለዕለት ንግግር የሚያስፈልጉት ግን ገና አልደረሱትም።

ነገሩ እረፍት የነሳው በዳካ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ኃላፊ የነበረው ማይክል ዌስት ነው። ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ትምህርቱን በመሃል የሚያቋርጠው ተማሪ ነበር፤ በዚያ አገር ደግሞ የሚያቋርጠው ብዙ ነው። ኢንሹራንስ የገባ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እንኳ የሚመለስለት ገንዘብ እንዳለ ሁሉ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ የተማረ ልጅም ይዞት የሚሄደው ጥቅም ሊኖር ይገባል ብሎ ተከራከረ። ስለዚህ የማንበቢያ መጽሐፎችን እንደገና ጻፈ። አሮጌዎቹን ቃላት አውጥቶ የተለመዱትን አስገባ፤ አዲስ ቃል በየገጹ ጥቂት በጥቂት እንዲመጣና ተማሪው እስኪለምደው ድረስ እንዲደጋገም አደረገ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሥራ የበለጠ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የቀድሞ መዝገበ ቃላት ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ታላቁ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ኔትወርክ» የሚለውን ቃል የፈታው ከቃሉ ከራሱ በሚከብዱ የላቲን ዘር ቃላት ነው፤ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ ፍቺ ያስፈልጋል። ዌስት ከጄምስ ኤንዲኮት ጋር ሆኖ በ1935 ያወጣው መዝገበ ቃላት ግን ወደ 24,000 የሚጠጉ ቃላትንና አባባሎችን በ1,490 ቃላት ብቻ ፈታ። ተማሪው እነዚያን ካወቀ የቀረውን በራሱ ፈልጎ መረዳት ይችላል። ቀላል አድርጎ መጻፍ ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ፣ አንድ ረቂቅ ሐሳብ ከተወሰኑ ቃላት ሳይወጣ ለማስረዳት ይሞክር።

በዚያው ዘመን የካምብሪጁ ቻርልስ ኦግደን ቃላቱን 850 ብቻ ያደረገ «ቤሲክ ኢንግሊሽ» የተባለ ሥርዓት በ1930 አቅርቦ ነበር። ግሦቹ 18 ብቻ ናቸው። ቸርችልን ሳይቀር ማርኳል፤ ለተማሪ ግን ሸክሙን አላቃለለም። «ቶለሬት» የሚለውን አንድ ግሥ ቢያስቀርለት፣ በምትኩ ሦስቱም ቃላት በየግላቸው የማይገልጡትን «ፑት አፕ ዊዝ» የሚለውን ሐረግ ያሸክመዋል። የቃላት ማነስ ብቻውን ቋንቋን አያቀልም፤ ዌስት የተሻለውም እዚህ ላይ ነው።

የሰዋስውን ድርሻ የጨመሩት በጃፓን የነበሩት መምህራን ናቸው። ሃሮልድ ፓልመር በ1922 ወደ ቶኪዮ ሄዶ በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ምርምር ተቋም መሠረተ። በኋላ የተቀላቀለው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ደግሞ ተማሪዎቹ የሚሳሳቱት ትርጉሙን እያወቁም ጭምር መሆኑን አስተዋለ። «አይ ዋንት ሂም ቱ ጎ» ትክክል ነው፤ በዚያው መልክ «አይ ሰጀስት ሂም ቱ ጎ» ማለት ግን አይቻልም። «ኢንፎርሜሽን» ደግሞ እንደ አማርኛው «መረጃዎች» ብዙ ቁጥር አይወጣለትም። ሆርንቢና ባልደረቦቹ ባዘጋጁት መዝገበ ቃላት ለግሦቹ የአረፍተ ነገር ቅርጻቸውን፣ ለስሞቹ መቆጠር አለመቆጠራቸውን የሚያሳይ ምልክት ሰጡ። ትርጉምና ሰዋስው አንድ ገጽ ላይ ተገናኙ።

መጽሐፉ ቶኪዮ ላይ የታተመው በ1942 ነው። ጃፓንና ብሪታንያ ጦርነት ላይ ናቸው፤ ሆርንቢም በጠላት ዜግነቱ ታግቶ ቆይቶ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመልሷል። በ1948 የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት እንደገና አሳተመው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የሚይዙት የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የዚያ መጽሐፍ ልጅ ነው። የዌስትም መንገድ አልጠፋም፤ በ1953 ወደ 2,000 የሚጠጉ ዋና ዋና ቃላትን የያዘ ዝርዝሩ ታተመ፤ የሎንግማን መዝገበ ቃላትም በ1978 ፍቺዎቹን ወደ 2,000 በሚጠጉ ቃላት ወሰነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ አምሳሉ አክሊሉና ጂ. ፒ. ሞስባክ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1973 በዚያው በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ወጣ። ሁለቱ መጽሐፎች ሥራቸው ለየቅል ነው፦ የነአምሳሉ ቃሉን በአማርኛ ያቀብላል፤ የሆርንቢ ግን ቃሉ በእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ውስጥ የት ቦታ እንደሚገባ ያሳያል። ሂሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁለቱም ያስፈልጉታል።