አሮጌው ትራክተርና መካኒኩ፦ የገዳሪፍና የሁመራ እርሻ በጥገና ዓይን ሲታይ

የገዳሪፍ እርሻ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በመሬት ስፋትና በእህል ብዛት ነው። ይህን ያህል ሺህ ፈዳን ታረሰ፣ ይህን ያህል ጆንያ ማሽላ ተገኘ፣ ይህን ያህል ትራክተር ገባ ይባላል። ትራክተሩ ከገባ በኋላ በሥራ ላይ ያቆየው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ማሽን ሲገዛ ፊርማና ደረሰኝ አለው፤ ሲጠገን ግን የሚቀረው በጠጋኙ እጅ ላይ ያለ ዘይትና በራሱ አእምሮ ውስጥ ያለ ዕውቀት ብቻ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶካ የዚህ እርሻ እምብርት ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ይህ ጽሑፍም የአካባቢውን የትራክተር እርሻ ከጥገናው በኩል ለመመልከት ይሞክራል። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለጦር የተዘራ ማሽላ

በገዳሪፍ ሜዳ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1944 ነው። ሱዳንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት እህል ያስፈልገው ስለነበር፣ ለገዳሪፍ ቅርብ በሆነው በጋደምበሊያ ሰፊ ጥቁር መሬት በትራክተር ማረስ ጀመረ። የባቡር ሐዲዱ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገዳሪፍ ደርሶ ስለነበር ምርቱን ለማጓጓዝ አመቺ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ለጥቂት ዓመታት መንግሥት በራሱ ማሽን እያረሰ፣ ገበሬዎች እያረሙና እያጨዱ ምርቱን የሚካፈሉበት ሥርዓት ቀጠለ።

ከ1954 ጀምሮ ግን መንግሥት እርሻውን ለግል ባለሀብቶች መልቀቅ ያዘ። መሬቱ በአብዛኛው በ1000 ፈዳን፣ ማለትም በ420 ሄክታር ያህል እየተሸነሸነ ተሰጠ። በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም የዓለም ባንክም ደገፈው፤ እርሻውም ወደ ደቡብ፣ ወደ ዶካና ወደ ድንበሩ እየሰፋ ሄደ።

ይህ የይዞታ ለውጥ ለጥገናው ትልቅ ትርጉም ነበረው። መንግሥት ሲያርስ ማሽኑን የመጠገን ኃላፊነትም የመንግሥት ነበር። እርሻው ወደ ግለሰቦች ሲዛወር ግን እያንዳንዱ ባለ 1000 ፈዳን ለትራክተሩ መካኒክ መፈለግ ግዴታው ሆነ። በገዳሪፍ ገበያና በመንገድ ዳር ከተሞች የበቀሉት ጋራዦች፣ የብየዳና የቶርኖ ቤቶች የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው።

ዲስክና ዋልካ

የአካባቢው አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና እግርንም ጎማንም ይይዛል። ትራክተር ሊገባበት የሚችለው አፈሩ ከድርቀቱ ለስልሶ ገና ጭቃ ባልሆነበት ጊዜ ብቻ ነው። ገበሬው በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ያበቀለውን አረም ለመግደል አንድ ጊዜ ይገለብጣል፤ ከዚያ በሐምሌ ገደማ እየገለበጠ ይዘራል። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ትራክተር ለአምስት ቀን ከቆመ የሚጠፋው አምስት ቀን አይደለም፤ ምናልባትም የዓመቱ ዘር ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የመካኒክ ሥራ ከዝናብ ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነው።

በአካባቢው በሰፊው የተለመደው መሣሪያ በሱዳን በቀላሉ «ዲስክ» የሚባለው፣ ከላዩ የዘር ሣጥን የተጫነበት ሰፊ የሰሃን ማረሻ ነው። ጎድጎድ ያሉ የብረት ሰሃኖች በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ተሰክተው፣ በመካከላቸው መለያያ ብረት ገብቶባቸው፣ ጫፍና ጫፉ በዳዶ ይጠበቃል። ዘንጉ የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ በሽታውም የታወቀ ነው። ዳዶው ከላላ ሰሃኑ በዘንጉ ላይ ይወዛወዛል፤ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሰሃኑም ዘንጉም ያረጃሉ። ኩሽኔታው ግራሶ ካጣ ደግሞ አቧራው እንደ ሞረድ ይበላዋል። በመሆኑም ጠንቃቃ ሹፌር ጠዋት ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ዳዶውን ያጠብቃል፣ ግራሶ ይሞላል። ሰሃኑ ሲሰበር በየዳ፣ ዘንጉ ሲጎብጥ እሳትና መዶሻ፣ ኩሽኔታው ሲያልቅ ቶርኖ ቤት ይበቃዋል።

የሚጎትተው ትራክተር በአብዛኛው ማሴ ፈርጉሰን ነበር። የዚህ ትራክተር ዘር የሚመዘዘው ሃሪ ፈርጉሰን ከነደፈው፣ ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አያይዞ በዘይት ኃይል ከሚያነሣው ዘዴ ነው። በ1946 በኮቨንትሪ መሠራት የጀመረው ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን እስከ 1956 ድረስ ከ500,000 በላይ ተመርቷል። በ1953 ኩባንያው ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር ተዋሐደ፤ በ1958ም ማሴ ፈርጉሰን ተባለ። በ1964 የወጣው 165 እና በ1970ዎቹ የተከተለው 290 በአራት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍታ ሞተር የሚሠሩ ናቸው። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ግራጫውን ፈርጉሰንና የአትክልት ሥፍራ ትናንሽ ትራክተሮችን ለትዝታ እየጠገኑ፣ ቀለም እየቀቡ በትርዒት የሚያሰልፉ ማኅበራት አሉ። በገዳሪፍ ሜዳ ግን አሮጌ ትራክተር የሚጠገነው ነገ እንዲያርስ ነው።

የፐርኪንስ ሞተር ለዚህ የሚመች ጠባይ አለው። ሲሊንደሩ ሲበላ ካሚቻው ተገፍቶ ይወጣል፣ ሌላ ይገባበታል፤ ብሮንዚናው ይለወጣል፣ ኮሎው ይሞረዳል። እንዲህ እየታደሰ አንድ የሞተር አካል ብዙ ዕድሜ ይኖራል። ደካማ ጎኑ የናፍታ ፖምፓው ነው። በውስጡ ያሉት ክፍሎች እጅግ ተቀራርበው የተገጠሙ ስለሆኑ ከበርሜል የሚቀዳ ናፍታ ይዞት የሚመጣ ውኃና አሸዋ ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው መካኒክ ሞተር አልነሣም ሲል መጀመሪያ የሚያየው ፊልትሮውን ነው፤ ቀጥሎም የናፍታውን መስመር ፈትቶ አየር ያወጣል። የአየር ማጣሪያው የዘይት ገንዳ በአቧራ ወቅት በየቀኑ ካልተጸዳ የሚገባው አፈር ፋሻውንና ካሚቻውን ይፈጫቸዋል።

ሁለት ቋንቋ የሚናገር ጋራዥ

በድንበሩ ማዶ፣ በሁመራና በመተማ ቆላም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በሁመራ የሰሊጥና የማሽላ የትራክተር እርሻ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ብዙ ባለ እርሻዎች ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ትራክተሮቻቸውን እየነዱ ያለፉም ነበሩ። በ1984 እና በ1985 የረሃብና የጦርነት ስደተኞች በዶካ አቅራቢያ በሚገኘው በኡም ራኩባ ሠፈሩ። መጠለያው በ2000 ተዘግቶ፣ በኅዳር 2020 እንደገና ተከፈተ፤ በዚያን ጊዜም ከሁመራ አካባቢ በትራክተር ተጭነው ወደ ሐምዳይት የተሻገሩ ቤተሰቦች ታይተዋል። በዚህ ድንበር ትራክተር የእርሻ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያሸሽ ሀብትም ነው።

ሰዎቹ ሲሻገሩ ሙያውና ቃሉም አብሮ ተሻገረ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጋራዥ የሚነገረው ቃል በብዛት የጣልያን ነው፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ። በሱዳን ደግሞ የእንግሊዝኛው ቃል ዐረብኛ ለብሶ ይገኛል፦ ካምቢዮ ጊርቦክስ፣ ፍሪሲዮን ክላች፣ መለዋወጫ እስቢር ይባላል። ጋራዡ ወርሻ ነው። የሁለቱን አገር ቃላት ለሚመለከት የትርጉም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንዱ ቃል ጣልያን በአሥመራና በአዲስ አበባ የተወውን የወርክሾፕ ትምህርት፣ ሌላው ቃል የእንግሊዝን አስተዳደር ያስታውሳል። ሁለቱም ግን የሚያመለክቱት አንዱን ብረት ነው። ድንበር አካባቢ የሚሠራ መካኒክ «ኩሽኔታው አልቋል» ብሎ መርምሮ፣ ገበያ ሄዶ «ቢሊ» ብሎ ይገዛል። የዚህ ዓይነት ሰው መዝገበ ቃላት ሳይኖረው በየቀኑ ይተረጉማል፤ ቃሉን ከተሳሳተ የተሳሳተ ዕቃ ገዝቶ ይመለሳልና ትርጉሙም ትክክል መሆን አለበት።

የሚጠገን ይቀጥላል

እስካሁን የተባለው ምስጋና ብቻ ይመስላል። ይሁንና ጥገና ማሽንን ብቻ ሳይሆን የአስተራረስ ልማድንም እንደሚያቆይ ማስተዋል ይገባል። ዲስኩ መሬቱን የሚቧጭረው ከላይ ብቻ ነው። በየዓመቱ በዚያው ጥልቀት ሲታረስ ከሥር ያለው አፈር ይጠጥራል፤ ማሽላ በማሽላ ላይ ሲዘራም በአማርኛ አቀንጭራ፣ በሱዳን ቡዳ የሚባለው ጥገኛ አረም ይበረታል። እርሻው ሲሰፋ የግራር ደን ተመንጥሯል፤ የከብት አርቢዎች መተላለፊያ ጠብቧል። የተሻለ የሚባል ሌላ መሣሪያ ቢመጣ እንኳ ባለ እርሻው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሲሰበር ማን ይሠራዋል?» ብሎ ነው። ዲስኩ ለአፈሩ የተሻለው መሣሪያ ስለሆነ ሳይሆን በማንኛውም ከተማ የሚጠግነው ስለማይጠፋ ጭምር ኖሯል። ስለዚህ እርሻውን ለማሻሻል የሚያስብ ሁሉ ከማሽኑ ጋር ጥገናውን ማምጣት ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ በኩልም ይኸው ነገር ታይቷል። በ1984 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ለዘመኑ እርሻ የቤላሩስ ትራክተር አቅርቧል። የዚያ አቅርቦት ምንጭ የነበረው ሶቪየት ኅብረት በ1991 ሲፈርስ፣ የነበረውን ማሽን በሥራ ላይ ማቆየት ከምንጊዜውም ይልቅ የመካኒኩ ብልሃት ጉዳይ ሆነ።

የብረት ሠራተኛ በደጋው አገር ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ችላ ማለቱ አልጠፋም። የባለ እርሻው፣ የኮርፖሬሽኑና የባንኩ ታሪክ ሲጻፍ የመካኒኩ ስም የሚገባበት መስመር አይገኝም።

ጉዳዩ ዛሬ አስቸኳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የአገሪቱ ንግድ መናኸሪያ የነበረችው ካርቱም የውጊያ ሜዳ ሆነች። አዲስ ማሽንና አዲስ መለዋወጫ ሲወደድና ሲርቅ አሮጌው ትራክተር የሚንቀሳቀሰው ከሌላው አሮጌ ትራክተር ተፈትቶ በሚገጠም ዕቃና የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን በሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ከመምህር ወደ ረዳት በቃልና በእጅ የሚተላለፍ ነው። መምህሩ ሲሰደድ ወይም ሲሞት፣ ረዳቱም ሌላ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ይቋረጣል።

ልናደርገው የምንችለው ከባድ አይደለም። አንድ ደብተር ይበቃል። የዕቃውን ስም በጣልያኑም በዐረብኛውም፣ የየትኛው ሞዴል ኩሽኔታ ለየትኛው እንደሚሆን፣ ፖምፓው እንዴት እንደሚፈታ፣ ዘንጉ በምን እንደሚቃና ከሚያውቁት ጠይቆ መጻፍ ነው። በየጋራዡ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ረዳት አይጠፋም። የሚቀጥለው ሰኔ ሳይደርስ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በበጋው ወራት መምህሩን አስቀምጦ ቢጠይቅ ለራሱም መማሪያ፣ ለአካባቢውም የታሪክ ሰነድ ይሆናል።