ሴቶች ቡናቸውን ይዘው የሚጓዙበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ

ዓለም አቀፉ የሴቶች የቡና ጥምረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። መነሻው በቡና ንግድ የተሠማሩ የሰሜን አሜሪካ ሴቶች ወደ መካከለኛው አሜሪካ ተጉዘው ከቡና አምራች ሴቶች ጋር መገናኘታቸው ነበር። ዛሬ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ አገሮች የተቋቋሙ ማኅበራትን በአባልነት ያቀፈ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም በዚሁ ጥላ ሥር ተደራጅተዋል። ላኪዋም፣ ቆዪዋም፣ ቀማሿም በጉባኤዎቹ ከውጭ ገዢዎች ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በቡና ምርት ከሚውለው ጉልበት እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው የሴቶች ነው። በሴቶች የሚተዳደሩት የቡና እርሻዎች ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ ናቸው። እሸቱን የምትለቅመው፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የምታገላብጠውና ጉድለት ያለበትን ፍሬ እየለየች የምታወጣው ሴት ሆና ሳለ፣ ሽያጩ ላይ ሲደረስ ስሟ አይገኝም። የጉባኤው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው።

ወደ ጉባኤው የሚሄድ ሰው ከንግግር ይልቅ ናሙና ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል። የጥሬ ቡናው ናሙና በኮድ ብቻ ተለይቶ ይቀርባል፤ ስለዚህ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። በተለመደው ሥርዓት 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ይፈስበታል። ለአራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ላዩ በማንኪያ ተገፍቶ መዓዛው ይሸተታል፤ ሲበርድ ደግሞ ይቀመሳል። ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ ይባላል፤ ዋጋውም ከተራው ይለያል። ሻጋታ የነካው ወይም በዝናብ የራሰ ቡና ግን እዚያው ይጋለጣል፤ የባለቤቷ አንደበተ ርቱዕነት አያድነውም።

በቅርብ ዓመታት በመሰል መድረኮች ብዙ ያነጋገረው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጥበቃ ሕግ ነው። ሕጉ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለን ቡና አይቀበልም፤ እያንዳንዱ ማሳ ያለበት ቦታም በመጋጠሚያ ነጥብ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ወሰኑ በሙሉ ይጠየቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ገዢዎች መረጃውን ከወዲሁ መጠየቅ ጀምረዋል።

ጉዳዩ እንደ ዘጌ ባሉ የጓሮና የጥላ ዛፍ ቡና በሚለማባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ አርሶ አደሮችንም ይመለከታል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በጋራ ይይዛል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባላት መዝገብ ግን በብዙ ቦታ አሁንም በአባወራው ስም ብቻ ይሞላል። ማሳው ሲመዘገብ የአቅራቢው ስም ከዚህ መዝገብ ከተገለበጠ፣ ክፍያውም የሚመጣው በአባወራው ስም ነው።