የአእምሮ ሕክምና ከኩፓት ሆሊም ውጭ የቆየበት ሃያ ዓመት

የዛሬው ንግግራችን ብዙ ቤተሰብ በጓዳ እንጂ በአደባባይ ስለማያነሣው ጉዳይ፣ ስለ አእምሮ ሕክምናና ስለ ጤና መድን ነው። ነገሩ የሕግ ታሪክ ነው። ነገር ግን አፉላ ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ሰው ሲታመምበት የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ የወሰነው ይኸው ታሪክ ስለሆነ ታግሣችሁ ተከታተሉን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ከመጣንበት አገር እንነሣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን ተብሎ የቆመው ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት አንድ ብቻ ነበር። እሱም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው፣ አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከወገራ ወይም ከስሜን የሚነሣ ሰው ደግሞ ገና ጎንደር ለመድረስ በእግሩ ወይም በበቅሎ መጓዝ ነበረበት። ስለዚህ በሽተኛው የሚታከመው እዚያው በቀየው ነበር። ቄሱ ይጸልዩለታል፤ ደብተራ ክታብ ይጽፍለታል፤ ዛር ነው ከተባለም ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ዛሩ ምን እንደሚሻ ይጠየቃል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጸበል ይወስዱ ነበር። ይህን ሁሉ ዛሬ የሚንቅ ሰው አለ። እኔ በበኩሌ አልንቀውም፤ በሽተኛው ከዘመዶቹ መሐል አልወጣም ነበርና። በሰንሰለት ታስሮ የኖረም እንደነበረ ግን መካድ አይገባም።

በ1980ዎቹ አማኑኤል የአእምሮ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች መላክ ጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚያው አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። የጤና መድኑ ደግሞ ከዚያም በኋላ መጣ። በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ ጤና መድን በሙከራ ተጀመረ። በቅርብ ዓመታት ከጎንደር የገባችሁ ያንን ካርድ ታውቁት ይሆናል። ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ ይጀምርና እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆስፒታል ይተላለፋል።

የእስራኤል ኩፓት ሆሊምም የተወለደችው ከዚህ ከማይርቅ መዋጮ ነው። ስሙ ራሱ «የሕሙማን ሣጥን» ማለት ነው። በ1911 ባሩክ ፕሪቨር የተባለ የእርሻ ሠራተኛ በሥራ ላይ እጁን ካጣ በኋላ፣ የይሁዳ አካባቢ የእርሻ ሠራተኞች አንዳቸው ቢታመሙ የሚረዳዱበትን ሣጥን አቋቋሙ። ዛሬ ክላሊት የምንላት ይህች ናት። በእኛ አገር ለቀብር የቆመውን እድር አስቡና ለሕመም አድርጉት፤ ከዚያ ብዙ አይለይም። ኋላ ክላሊት ከሠራተኞች ማኅበር ከሂስታድሩት ጋር ተቆራኘች። ማካቢ፣ ልኡሚትና ምኡሔዴት የተባሉት ሦስቱ ደግሞ በተለያየ ጊዜ ተቋቋሙ። አፉላም በዚህ ታሪክ ውስጥ ክብር ያለው ቦታ አላት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1925 ሲሆን፣ በ1930 የተከፈተው የሃኤሜቅ ሆስፒታል የክላሊት የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው።

እድር ግን አባሉን እንጂ ሌላውን አይቀብርም። ኩፓት ሆሊምም እንዲሁ ነበረች። ለክላሊት መዋጮ የሚከፍል ሰው የሂስታድሩት አባል መሆን ነበረበት። ሌሎቹ ደግሞ ሽማግሌውንና በሽተኛውን አልቀበልም ማለት ይችሉ ነበር። ምንም መድን የሌለው ሰውም አልጠፋም። በ1988 መንግሥት በዳኛ ሾሻና ነታንያሁ የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1990 ባቀረበው ዘገባ ለነዋሪው ሁሉ የሚሆን የጤና መድን ሕግ እንዲወጣ መከረ። የአእምሮ ሕክምናም ከጤና ሚኒስቴር እጅ ወጥቶ ወደ ኩፓት ሆሊሞቹ እንዲዛወር አሳሰበ።

አሁን በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ ማን እንደነበረ እናስታውስ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ ሰባት ሺህ ያህል ወገኖቻችን ከሱዳን ገብተዋል። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ገብቷል። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ፣ በኡም ራኩባና በሌሎቹ፣ አራት ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። እናቱን በመንገድ ቀብሮ የመጣ ልጅ፣ ልጇን ጥላ የመጣች እናት፣ በየመርካዝ ክሊታውና በየካራቫኑ ነበሩ። ከዚያም ቤተሰቡ ቋሚ ቤት ሲያገኝ፣ ብዙው ቤት የሚገኘው ዋጋው ዝቅ ባለበት፣ ከቴል አቪቭ ራቅ ባለ ከተማ ነበር። አፉላም ወገኖቻችን በብዛት ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እንግዲህ ልቡ የቆሰለ ሕዝብ የአእምሮ ሐኪም ወደማይበዛበት አካባቢ ሄደ ማለት ነው።

ሕጉ በሰኔ 1994 ጸደቀና ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ታላቅ ሕግ ነው። ማንኛውም የእስራኤል ነዋሪ መድን አለው፤ የሚከፈለው በቢቱዋህ ሌኡሚ በኩል እንደ ገቢው ነው፤ አራቱም ኩፓት ሆሊሞች የመጣውን ሰው ዕድሜውንም ሕመሙንም ሳይመርጡ መቀበል አለባቸው። ኩፓት ሆሊሞቹ የሚሰጡት ሕክምናም ዝርዝሩ ተጽፎ ታወቀ፤ ይህ ሳል ብሪኡት፣ የጤና ቅርጫት የሚባለው ነው።

ከሕጉ ጋር የተያያዘ ሌላ ዝርዝር ግን ነበረ። በእሱ ላይ የሰፈሩት አገልግሎቶች ለጊዜው በጤና ሚኒስቴር እጅ እንዲቆዩ የተባሉት ናቸው፤ የአእምሮ ሕክምናም ከእነሱ አንዱ ነበር። ሐሳቡ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ኩፓት ሆሊሞቹ እንዲዛወር ነበር። ሦስቱ ዓመት አለፈ። ኩፓት ሆሊሞቹ በቂ ገንዘብ ሳይሰጠን ይህን ሸክም አንረከብም አሉ፤ የገንዘብ ሚኒስቴር ወጪው ይበዛል ብሎ ሠጋ፤ የመንግሥት ክሊኒክ ሠራተኞችም ሥራችን ምን ይሆናል አሉ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሚኒስትር ተለወጠ፣ ጉዳዩ ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ።

ይህ ለተራው ሰው ምን ማለት ነበር? እግሩ የተሰበረ ሰው ካርዱን ይዞ ኩፓት ሆሊም ይሄድና «መብቴ ነው» ይላል፤ ከከለከሉትም መክሰስ ይችላል። እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ እንቢ ብሎት፣ ከሰው ተለይቶ የተቀመጠ ሰው ግን ለቤተሰብ ሐኪሙ ቢናገር የሚላከው ወደ ሚኒስቴሩ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ነበር። ያ ክሊኒክ የሚሠራው በተመደበለት በጀትና በተፈቀደለት የሠራተኛ ቁጥር ልክ ነው። ሠራተኛው ከሌለ ወረፋ ነው። ሐኪሞቹም ሆኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ የሚበዙት በመሐል አገር፣ በቴል አቪቭና በዙሪያዋ ነው። በሰሜንና በደቡብ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ቁጥራቸው ያንሳል። ገንዘብ ያለው ሰው ከግል ባለሙያ ዘንድ ለአንዲት ሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ሸቀል ከፍሎ ይታከማል። በፋብሪካ ወይም በጽዳት ሥራ የሚተዳደር ያችን ሰዓት ከየት ያመጣታል? ስለዚህ በሕግ ፊት እኩል የሆነው መድን በአእምሮ ሕክምና በኩል እንደ መኖሪያ ቦታና እንደ ኪስ ሆኖ ቆየ።

አፉላን በተመለከተ ግን ሚዛናዊ መሆን ይገባል። የሃኤሜቅ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ይህም ብዙ የዳር ከተሞች ያላገኙት ዕድል ነው። እንዲህ ያለ ክፍል በማይኖርበት ቦታ በሽተኛው እንደ ሻዓር ምናሼ፣ እንደ ቲራት ካርሜል ወይም እንደ መዝራ ወዳሉት የአእምሮ ሆስፒታሎች ይወሰዳል፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ ለጥየቃ አውቶቡስ ሲቀያይር ይውላል። ነገር ግን ሆስፒታል የሚተኛው ሕመሙ የጠናበት ሰው ነው። በየሳምንቱ ተቀምጦ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ለሚያስፈልገው የሆስፒታል አልጋ መፍትሔው አይደለም። ሃያ ዓመት የጎደለው በተለይ ይኸኛው ሕክምና ነው።

ሌላም ርቀት ነበረ፤ እሱ በኪሎ ሜትር አይለካም። እኛ ኀዘናችንን የምናስቀምጠው ሆዳችን ውስጥ ነው። «ሆዴ ባሰኝ»፣ «ሆዴ ተቃጠለ»፣ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሰውም ሆዱ ሰፊ ሲሆን ታጋሽ፣ ምስጢር ጠባቂ ይባላል። አንዲት እናት ለሐኪሙ «ሆዴን ያቃጥለኛል» ብትለውና አስተርጓሚው ቃል በቃል ቢያስተላልፍ፣ ሐኪሙ ወደ ጨጓራ ምርመራ ይልካታል። ጨጓራዋ ደህና ሆኖ ሲገኝ «ምንም የለሽም» ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እስራኤላውያን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ይህን የሆድ ቋንቋና ዛርን የሚመለከቱ ጥናቶችን በሕክምና መጽሔቶች አሳትመዋል። ሐኪሞች ዛር ያለበትን ሰው በችኮላ እብድ ብለው እንዳይፈርጁ ማስተማራቸው ትልቅ ነገር ነው። በየክሊኒኩ ግን አስተርጓሚ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የበሽተኛዋ ልጅ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቱ መሞት እንደምትመኝ ለሐኪም እንዲተረጉም ማድረግ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሌላ በሽተኛ መፍጠር ነው።

ለውጡ በቁርጥራጭ መጣ። በ2000 የአእምሮ ሕሙማን በኅብረተሰቡ መሐል እንዲቋቋሙ የሚረዳው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት በአእምሮ ሕመም ምክንያት ቢያንስ 40 ከመቶ የአካል ጉዳት (ነኹት) የተወሰነለት፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሳል ሺቁም የሚባለውን እርዳታ መጠየቅ ይችላል፤ በመኖሪያ፣ በሥራና በትምህርት የሚደግፈው ነው። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች አገልግሎታቸውን ለሕሙማኑ ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ታዘዙ። በ2012 መንግሥት የአእምሮ ሕክምናው እንዲዛወር ወሰነ። የሦስት ዓመት መዘጋጃ ተሰጠና ከሐምሌ 1 ቀን 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና የአራቱም ኩፓት ሆሊሞች ኃላፊነት ሆነ። ሦስት ዓመት ተብሎ የተቀጠረው ከሃያ ዓመት ተኩል በኋላ ተፈጸመ ማለት ነው።

ከ2015 ወዲህ ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ ዛሬ «ይህ የሚኒስቴሩ ጉዳይ ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም። የኩፓት ሆሊማችሁ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ (ሚርፓአት ብሪኡት ኔፌሽ) የሚሰጠው ሕክምና በመድናችሁ ውስጥ ነው። ከኩፓት ሆሊሟ ጋር ውል ካለው የግል ባለሙያ ዘንድ መሄድም ይቻላል፤ ለዚያ ግን ከራስ የሚጨመር ክፍያ አለ። ሕጉ መብቱን አዛወረ እንጂ ሐኪሞቹን ከመሐል አገር ወደ ይዝራኤል ሸለቆ አላዛወረም። ውል የሚገቡት ባለሙያዎችም የሚበዙት እዚያው መሐል አገር ነው። ስለዚህ ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ ከጥቅምት 2023 ጦርነት በኋላማ ፈላጊው በመላ አገሪቱ በዝቷል።

በዚህ ምክንያት አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ኩፓት ሆሊም ስትመርጡ ጎረቤት የመረጠውን ብቻ አትከተሉ። አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአእምሮ ጤና ክሊኒኩ አፉላ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ከተማ? ለአዋቂ ወረፋው ስንት ወር ነው፣ ለሕፃንስ? አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ወይም በስልክ የሚተረጉም ሰው አለ? ወረፋ ስትይዙ ስማችሁ የተመዘገበበትን ቀን በወረቀት ተቀበሉ። አስተርጓሚ ስትጠይቁ «ልጅሽን ይዘሽ ነይ» ቢሏችሁ፣ የ2011 መመሪያ መኖሩን አንሡላቸው። ሰው ራሱን ሊጎዳ የሚችልበት ሁኔታ ከተፈጠረ ግን ወረፋ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል (ሚዩን) ውሰዱት። ኤራን የሚባለው የስልክ እርዳታ ቁጥርም 1201 ነው። የመረጣችኋት ኩፓት ሆሊም ካልተስማማቻችሁ ደግሞ ወደ ሌላዋ መዛወር ትችላላችሁ፤ የምትሄዱባትም ሕመማችሁን ሰበብ አድርጋ አልቀበልም ልትላችሁ አትችልም።