የባህል ሙዚቀኞች የበጎ አድራጎት አልበም፦ ታሪኩ፣ አሠራሩና የሰጪው መብት

በአማራ ክልል የሙዚቃ ባህል ዜማና ስጦታ ከጥንት ጀምሮ የተቆራኙ ናቸው። አዝማሪ በሠርግ ቤት፣ በጠጅ ቤትና በበዓል አደባባይ ማሲንቆውን እየመታ ታዳሚውን ያወድሳል፤ ታዳሚውም ይሸልመዋል። ላሊበሎች ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ ከየደጁ ቆመው ያዜማሉ፤ ምጽዋት ይቀበላሉ፤ የሰጣቸውንም መርቀው ይሄዳሉ። በሁለቱም ወግ ዘፋኙ ተቀባይ፣ አድማጩ ሰጪ ነው።

ለበጎ አድራጎት የሚዘጋጅ አልበም ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። ሽልማት ሲቀበል የኖረው ባለሙያ በዚህ ጊዜ ራሱ ሰጪ ይሆናል። የአንድ አካባቢ የባህል ሙዚቀኞች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ሥራ ያበረክታሉ፤ ሥራዎቹም በአንድ አልበም ተሰብስበው ለሽያጭ ይቀርባሉ፤ ገቢው በድርቅ፣ በግጭት ወይም በሕመም ለተጎዱ ወገኖች ይውላል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ታሪክ ኢትዮጵያን በቅርብ ይነካል።

የ1977 ዓ.ም. ትዝታ

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም መጠለያ የተላለፈው የቴሌቪዥን ዘገባ በወቅቱ ወሎንና ሌሎች የሰሜን አካባቢዎችን የመታውን ረሃብ ለዓለም አሳየ። በኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. የብሪታንያና የአየርላንድ ድምፃውያን ለንደን ውስጥ ተሰባስበው ባንድ ኤይድ በሚል ስም አንድ ዘፈን ቀረጹ። በጥር 20 ቀን የአሜሪካ ድምፃውያን ሎስ አንጀለስ ላይ «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተሰኘውን ዘፈን ተቀባብለው ዘፈኑ፤ የመነሻ ሐሳቡም የድምፃዊው ሃሪ ቤላፎንቴ ነበር። ዘፈኑ በኋላ የሌሎች ሙዚቀኞች ሥራዎች ታክለውበት የስብስብ አልበም ሆኖ ወጣ። ከዚህ ጥረት የተገኘው ገንዘብ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ነበር ይነገራል። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በለንደንና በፊላዴልፊያ በአንድ ቀን ተካሄደ። በፈረንሳይ የነበሩ አፍሪካውያን ሙዚቀኞችም በካሜሩናዊው ማኑ ዲባንጎ አስተባባሪነት «ታም ታም ለኢትዮጵያ» የተባለ ሥራ አበረከቱ።

እነዚህ ሥራዎች የብዙ ሰው ሕይወት ለማትረፍ የዋለ ገንዘብ አስገኝተዋል። ሆኖም በለንደኑም ሆነ በሎስ አንጀለሱ ዘፈን ኢትዮጵያዊ ድምፅ አልተሰማም። ረሃቡ ክፉኛ የጎዳው ወሎ ከአራቱ ዋና ዋና የአማርኛ ሙዚቃ ቅኝቶች የሁለቱ፣ የባቲና የአምባሰል፣ ስም መነሻ ነው። የዚያ አገር ሰው በዘፈኖቹ ውስጥ የተዘፈነለት እንጂ የዘፈነ አልነበረም። በአገሬው ሙዚቀኞች የሚሠራ አልበም ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ችግሩ የደረሰበት አካባቢ ስለ ራሱ በራሱ ቅኝት ይናገራል።

በአገራችንም ከዚያ የቀደመ አርአያ አለ። በቅርስነት የሚታዩ የፒያኖ ድርሰቶችን ያበረከቱት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ያሳተሙትን የሸክላ ገቢ ለችግረኛ ልጆች መርጃ አውለዋል። እማሆይ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረዋል።

ድምፆችን በአንድ የማሰባሰብ ጥበብ

የባህል ሙዚቀኞችን በአንድ አልበም ማሰባሰብ የራሱ ሙያዊ ፈተና አለው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ ክር፣ ክራር በአምስት ወይም በስድስት፣ በገና ደግሞ በአሥር አውታር ይሠራል። ባለ ክሮቹ መሣሪያዎች ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማሙ ሊጠብቁ ወይም ሊላሉ ይችላሉ። የዋሽንት ድምፅ ግን በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ስለ ሆነ ነፊው ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን ዋሽንቶች ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት በጋራ ሲቀረጹ መነሻ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ዋሽንቱ ነው።

ሌላው ጉዳይ ታዳሚ ነው። አዝማሪ ግጥሙን የሚፈጥረው በአብዛኛው ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ጋር ነው። ታዳሚው ስንኝ ያቀብለዋል፤ እሱም ተቀብሎ በሰምና ወርቅ አዋዝቶ ይመልሳል። ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ሲቀረጽ የጥበቡ እኩሌታ ይጎድልበታል። ጥቂት አድማጮች በተገኙበት መቅረጽ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል።

የሚሰጠው ምንድን ነው?

የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ጎንደር አቅራቢያ እንደሚገኘው እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርስ መተዳደሪያ ነው። ከሌሊት ሽልማት ለሚኖር ሰው አንድ የቀረጻ ቀን የአንድ ቀን እንጀራ ነው። በጎ ፈቃዱ ሙሉ ቢሆንም የሰጠው ነገር ተለይቶ ካልታወቀ ለሌላ የተረፈ ስጦታ እሱኑ ሊያደኸየው ይችላል።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እዚህ ላይ ይጠቅማል። የቆየ የሕዝብ ዜማ የግል ባለቤት ባይኖረውም ሙዚቀኛው በቀረጻው ዕለት ያሰማው ክዋኔ በሕግ የተጠበቀ መብት ያስገኝለታል፤ የጥበቃው ዘመንም 50 ዓመት ነው። አዲስ ግጥም ወይም ዜማ ከፈጠረ ደግሞ የሥራው አመንጪ በመሆኑ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ አንድ ቀረጻ ለበጎ አድራጎት መስጠትና መብትን ጨርሶ ማስተላለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ መስፈር የሚገባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

አንደኛ፣ ስጦታው ለዚህ አልበም ብቻ መሆኑና ሥራው በኋላ በማስታወቂያ ወይም በሌላ አልበም ቢገባ ክፍያው ለማን እንደሚሆን።

ሁለተኛ፣ ለተረጂዎች የሚውለው ጠቅላላው የሽያጭ ገቢ ነው ወይስ ከወጪ ቀሪው? «ገቢው በሙሉ» የሚለው አባባል የስቱዲዮ፣ የኅትመትና የማስታወቂያ ወጪን ማን እንደሚሸፍን ካልገለጸ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን የሚረከበው ድርጅት ሕጋዊ ምዝገባ ያለው ስለ መሆኑና መቼ፣ ለማን ሒሳብ እንደሚያቀርብ።

አራተኛ፣ የእያንዳንዱ ዘፋኝና መሣሪያ ተጫዋች ስም በአልበሙ ላይ መጻፉ። ለባህል ሙዚቀኛ ስም የሚቀጥለው ሠርግ ጥሪ ነው።

ማንበብ ለማይችል ባለሙያ ውሉ በሚያምነው ሰው ፊት ሊነበብለት ይገባል። የካሴትና የሲዲ ሽያጭ በተዳከመበት በዚህ ዘመን የአልበሙ ገቢ በአብዛኛው ከምርቃት ዝግጅትና ከቲኬት የሚገኝ በመሆኑ የዚያ ምሽት ገቢም በውሉ መካተት አለበት። ታዳሚው በዚያ ምሽት በልማዱ መሠረት ለአዝማሪው የሚሰጠው ሽልማት የማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰንም ከቅሬታ ያድናል።

እነዚህ ጥንቃቄዎች የበጎነትን መንፈስ አያቀዘቅዙም። ሙዚቀኛው ምን እንደሰጠ፣ ተረጂው ምን እንደተቀበለ፣ ገዢውም ገንዘቡ የት እንደደረሰ ሲያውቁ ሦስቱም ለሁለተኛው አልበም በፈቃዳቸው ይመለሳሉ።