ውቤ በደረስጌ፦ ታሪክ የመዘገበው፣ ተውኔት ያለፈው ውድቀት

ሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሣር» በተሰኘው ተውኔቱ መጀመሪያ የሚያሳየን ቄሣርን አይደለም። መጋረጃው ሲገለጥ መድረኩን የሞሉት አናጢውና ጫማ ሰፊው ናቸው። ሥራቸውን ትተው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ አሸናፊውን ለመቀበል አደባባይ ወጥተዋል። ሁለት ሹማምንት ይቆጧቸዋል። ትናንት ለፖምፔይ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጮህ የነበረ ሕዝብ ዛሬ የፖምፔይን ወገን ድል አድርጎ ለመጣው ሰው እንዴት እልል ይላል ነው ቁጣቸው።

ፖምፔይ ራሱ በተውኔቱ ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 ዓመት ፋርሳሎስ በተባለው ቦታ በቄሣር ድል ሆኖ፣ ወደ ግብጽ ሸሽቶ፣ ገና ከባሕሩ ዳር ሲደርስ ተገድሏል። ሆኖም ያሠራው ቤት ሮም ውስጥ ቆሞ ቀርቷል። ከአራት ዓመት በኋላ ቄሣር በጩቤ የተወጋው በዚያው ፖምፔይ ባሠራው አዳራሽ፣ በፖምፔይ ሐውልት እግር ሥር ነበር። ሼክስፒር ግድያውን ወደ ካፒቶል ቢያዛውረውም ሐውልቱን ግን ሊተወው አልቻለም፤ አንቶኒ በቀብሩ ንግግር ላይ ያነሣዋል። አንዱ ባሠራው ቤት የሌላው ታሪክ ተፈጸመበት ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ወደ ሮም መሄድ አያስፈልገንም። ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲጓዙ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈው ደባርቅ ይደርሳሉ። ከዚያ ዋናውን መንገድ ትተው በሳንቃ በር፣ በጭነቅ፣ በቧሂት በኩል የስሜንን ተራራ ቢሻገሩ ጃናሞራ ይገባሉ። እዚያ ደረስጌ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠራት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የተደፋባት ግን ሌላ ሰው ነው።

(አዲስ አበባ ያለው ደጃች ውቤ ሰፈር ከዚህ ሰው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ያኛው የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ውቤ ነው። የስሜኑ ውቤ በስሙ የሚጠራ ሰፈር እንኳ አላገኘም።)

ውቤ ማን ነበር? የስሜን ገዥ የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ልጅ ነው። በየካቲት 1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ከየጁው ራስ ማርዬ ጋር ተሰልፎ የትግራዩን ደጃዝማች ሰባጋዲስን ወጋ። ማርዬ በጦርነቱ ወደቀ፣ ሰባጋዲስም ተማርኮ ተገደለ፤ ውቤ ግን ተረፈ። ቀስ በቀስም ስሜንን ከትግራይ ጋር አጣምሮ ያዘ። ትግራይን መያዝ ማለት ወደ ምጽዋ የሚወስደውን የንግድ መንገድ መያዝ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጠመንጃ ያመጣል። ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ነገሥታት ደብዳቤ የጻፈ፣ የውጭውን ዓለም የሚከታተል ሰው ነበር። ሺምፐርና ዛንደር የተባሉ ሁለት ጀርመኖች በቤቱ ያገለግሉ ነበር፤ ስማቸው ከደረስጌ ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በ1834 ዓ.ም. የሠራው ነው። አገሪቱ ለብዙ ዓመት ያለ ጳጳስ ስትቆይ ወደ ግብጽ መልእክተኛ ልኮ አቡነ ሰላማን ያስመጣው ውቤ ነው። ያለ አቡን ንጉሥ አይቀባም። እንግዲህ ጠመንጃው አለ፣ አቡኑ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይሠራል። ደረስጌን ለራሱ ንግሥ አዘጋጃት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ጎንደር ላይ በስም ብቻ የተቀመጡ ነገሥታት በነበሩበት በዘመነ መሳፍንት እንዲህ ተሟልቶ የተዘጋጀ መስፍን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ታዲያ ለምን ወደቀ?

መልሱ፣ እኔ እንደማየው፣ ደብረ ታቦር ላይ ይጀምራል። በዚያው በ1834 ዓ.ም. ውቤ አቡኑን ከጎኑ አድርጎ፣ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር አብሮ በራስ አሊ ላይ ዘመተ፤ አሸነፈም። ራስ አሊ ከጦር ሜዳው ሸሸ። አሸናፊዎቹ በድላቸው ሲዝናኑ ግን የአሊ ወገን የሆነ አንድ መስፍን ድንገት ሰፈራቸው ገብቶ ውቤን ማረከው። በአንድ ቀን አሸናፊም ምርኮኛም ሆነ! በኋላ ካሣ ከፍሎ ተፈታ፤ በዚህ መሐል ወንድሙ መርሶ ስሜንን እየተመኘ ተነሥቶበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ውቤ ሌላ ውቤ ይመስለኛል። ይጠብቃል። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ሲደክሙ እኔ እቆያለሁ የሚል ይመስላል። ቋረኛው ካሳ ኃይሉ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን ገደለ። በሚያዝያ ታቁሳ ላይ ከራስ አሊ ጦር ጎን የተሰለፈውን የውቤን ጦር ጭምር ድል አደረገ። በሰኔ ዓይሻል ላይ አሊን ጨረሰው። በ1846 ዓ.ም. ብሩ ጎሹን ያዘ። አራቱንም ጊዜ ውቤ ራሱ አልወጣም። በዚያው ዓመት አቡነ ሰላማ ጎንደር ገብተው ከካሳ ጋር ተስማሙ። ካሳ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን እንደሚያስወጣላቸው ቃል ሲገባ አቡኑ ቅባ ቅዱሱን ለካሳ አደረጉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ውቤ በደረስጌ ጦርነት ዕለት ብቻ አልወደቀም፤ ከሁለት ዓመት በላይ ሲወድቅ ነበር።

የካቲት 1847 ሲመጣ የቀረው አንድ ቀን ነበር። ካሳ በስሜን ብርድ ውስጥ ጦሩን እየነዳ ደረሰ፤ ደረስጌ ላይ ተዋጉ፤ ውቤ ተማረከ፤ ጠመንጃውና ሀብቱ ሁሉ ተወሰደ። በጥቂት ቀን ውስጥ ውቤ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣው አቡን እጅ፣ ካሳ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

አሁን ወደ ተውኔቱ እንምጣ። የአማርኛ መድረክ ለወደቁ ኃያላን ደንታ ቢስ አይደለም። ከበደ ሚካኤል የሮምን ጠላት አኒባልን በተውኔት አሳይተውናል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» የሚሉ ተውኔቶች ጽፈዋል። በልብ ወለዱም በኩል ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን አበርክተዋል። ርዕሱ ሁሉ የአሸናፊው ነው። ይህም አይገርምም፤ የቴዎድሮስ አሟሟት ለመድረክ የተፈጠረ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጥቶ፣ እጁን ሳይሰጥ፣ መጋረጃው ወረደ። ውቤ ግን ከውድቀቱ በኋላ ዓመታት ኖረ። ሥልጣን የሌለው፣ ታስሮ የተቀመጠ ሽማግሌ ለደራሲ ምን ያደርግለታል? መድረክ በአንድ ምት የሚሞተውን ይወዳል፤ ቀስ ብሎ የሚሞተውን ለታሪክ ይተዋል።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። አብዛኞቻችን ዘመነ መሳፍንትን የተማርነው ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከቴአትርና ከልብ ወለድ ነው። በዚያ ዓይን ሲታይ ውቤ በካሳ መንገድ ላይ ያለ አንድ ደረጃ ይሆናል፤ ተረግጦ ይታለፋል። ከዚያም አንድነት የአንድ ሰው ሕልም ብቻ ነበር ብለን እናምናለን። ውቤም ያንኑ ዙፋን ይመኝ ነበር እኮ! ልዩነታቸው ውቤ በአቡን፣ በጠመንጃና በውጭ ወዳጅ ሊደርስበት ሲያሰላ፣ ካሳ በፍጥነት መድረሱ ነው። ፍጥነቱም የራሱ ዋጋ ነበረው። ደረስጌ ነገሩን አልቋጨችውም፤ የውቤ ዘመድ ንጉሤ ወልደ ሚካኤል በትግራይና በስሜን አምፆ እስከ 1853 ዓ.ም. ተዋጋ። የተሸነፈውን ወገን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ለቴዎድሮስ እስከ መቅደላ ድረስ አልተመለሰለትም።

የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የአባቷን አሸናፊ አግብታ እቴጌ ሆነች። ቴዎድሮስ በሞተ በወሩ ገደማ እሷም ሞተች። ልጇ ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ዐረፈ፤ መቃብሩ ዊንድዘር ነው። ስለ ዓለማየሁ ስናለቅስ የቴዎድሮስ ልጅ እንላለን። የውቤም የልጅ ልጅ እኮ ነው። ደረስጌ ላይ የተሸነፈውና ያሸነፈው ደም አንድ ሕፃን ላይ ተገናኝቶ በባዕድ አገር አለቀ። ከዚህ የበለጠ ምን ተውኔት ይፈለጋል?

የጎደለ ሌላ ሰውም አለ። ሼክስፒር ጫማ ሰፊውን በመጀመሪያው ትዕይንት አቆመው፤ የዳባትና የደባርቅ ባላገርስ በየትኛው ትዕይንት ይግባ? በዘመነ መሳፍንት ጦር የሚቀለበው ካለፈበት አገር ገበሬ ጎተራ ነበር። የውቤ ጦር ሲያልፍ ገብሱን በላ፤ የካሳ ጦር ሲመጣ የተረፈውን በላ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ያ ገበሬ ለማን እልል አለ? እልልታውስ ከልብ ነበር ወይስ እንደ ሮሙ ጫማ ሰፊ የትናንቱን ረስቶ? ይህን የሚጠይቅ ደራሲ ቢነሣ ውቤን ማሞገስ አይጠበቅበትም፤ ቴዎድሮስንም ማሳነስ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ማገናኘት ይበቃዋል።

ቤቱ አሁንም አለ። ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው፤ ከደባርቅ ተነሥቶ ሄዶ ማየት ይቻላል። በመካከላችን ተውኔት የሚጽፉ እንዳሉ አውቃለሁ። ውቤ የራሱ ባለሟል አቡን ሌላውን ሰው ሲቀባ፣ የራሱን ደወል ከእስር ቤት ሆኖ ሲሰማ የሚያሳይ አንድ ትዕይንት ይጻፉልን። በነገሩ የማይስማማ አንባቢም ካለ በሚቀጥለው እትም ይሞግተኝ።