የአዳማን ልል አሸዋ በባክቴሪያ ማጠንከር፦ ተስፋውና ሒሳቡ

በአዳማ ዳርቻ ጎርፍ የቆረጠውን ቦረቦር ቀርቦ ያየ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ግድግዳው በበጋ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያው ላይ አንድ እፍኝ አንስተን ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ብንጨምረው ግን አመዱ ወዲያው ፈርሶ ይዘቅጣል፤ ነጫጩ የፑሚስ ስብርባሪ ደግሞ ከላይ ይንሳፈፋል። የአካባቢው መሬት በብዙ ቦታ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ፣ ሐይቅና ጎርፍ ያነጠፉት አሸዋና ደለል ነው። ደረቅ ሳለ ይሸከማል፤ ሲርስ ይከዳል።

የተለመደው መላ ልሉን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረገንቲ መተካት ወይም ከሲሚንቶ ጋር መደባለቅ ነው። ሌላው መንገድ የሚጀምረው ስፖሮሳርሲና ፓስቴዩሪ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ዩሬዝ በተባለ ኤንዛይም ዩሪያን ወደ አሞኒየምና ካርቦኔት ይሰብራል። በውሃው ውስጥ የሟሟ ካልሲየም ካለ ካርቦኔቱ ከእርሱ ጋር ተዋህዶ የአሸዋ ቅንጣቶች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ማዕድን፣ ሆኖ ይረጋል። በኔዘርላንድስ በ100 ሜትር ኩብ አሸዋ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል፤ አሸዋው ቢጠነክርም ጥንካሬው ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያይ ነበር።

ይህን ዘዴ እንዳለ አዳማ ወዳለችበት ስምጥ ሸለቆ መቅዳት አይቻልም። ፑሚስ ራሱ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ካልሳይቱም ቅንጣት ከቅንጣት ማያያዙ ቀርቶ እዚያው ውስጥ ሊባክን ይችላል። ደቃቁ አመድ ደግሞ ባክቴሪያውን በቀላሉ አያሳልፈውም። በአንጻሩ እንደ አቢጃታና ሻላ ባሉት ሶዳማ ሐይቆቻችን ዳርቻ አልካላይንነትን የለመዱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የዩሪያው መሰበርም አካባቢውን አልካላይን ስለሚያደርገው፣ ዘሩን ከውጭ ከማስመጣት በፊት እነዚህን መፈተሽ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሒሳቡ ነው። 1.5 ቶን የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ 5 በመቶ ካልሳይት ይያዝ ብንል፣ ለ75 ኪሎ ካልሳይት 45 ኪሎ ዩሪያና 83 ኪሎ ያህል ካልሲየም ክሎራይድ ያስፈልጋል። ለዓመታት ለገበሬው ሲመከር የኖረው የዩሪያ መጠን በሄክታር አንድ ኩንታል ነበር። ስለዚህ ሁለት ሜትር ኩብ አሸዋ ለማጠንከር የአንድ ሄክታር ማሳ ማዳበሪያ ሊሄድ ነው። ይህን ልክ ነው ብዬ መቀበል አልችልም። ዩሪያው ግን ከማዳበሪያ ውጭም ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ሽንት ባገኙት ዩሪያ ጡብ ሠርተዋል። የአዳማ መናኸሪያ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችና በዙሪያው ያሉት የከብት ማድለቢያዎች በየቀኑ ወደ ፍሳሽ የሚለቁት ይህንኑ ዩሪያ ነው። ካልሲየሙንም የእንቁላል ቅርፊት በኮምጣጤ አሟሙቶ ማግኘት ይቻላል።

የአሞኒየሙ ጉዳይም አለ። ከላይ ያልነው አንድ ሜትር ኩብ 27 ኪሎ አሞኒየም ይተዋል። አዳማ የምትጠጣው የአዋሽን ውሃ ነው። የሚታጠበው ፈሳሽ ካልተሰበሰበ የከተማዋን መሬት አጠነከርን ብለን ወንዙን እንበክላለን።

ስለዚህ ሙከራው በፎቅ መሠረት አይጀመር። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የከተማው መሐንዲሶች አንድ የቦረቦር ግድግዳ መርጠው፣ ከሥሩ ፈሳሽ መሰብሰቢያ አበጅተው፣ ከክረምቱ በፊት ይሞክሩት።