የመራራው ጽዋ ሥርዓት፤ ኮሶና አጋሮቹ በሕዝብ መድኃኒት ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ባህል የሚመዘነው በዜማው፣ በቅኔውና በሕንፃው ብቻ አይደለም። ከበሽታ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ያካበተው እውቀትም የባህሉ ዐቢይ ክፍል ነው። ይህ እውቀት የአንድ ሊቅ የብቻ ግኝት አይደለም። ገበሬው በማሳው፣ እረኛው በጫካው፣ እናት በጓዳዋ፣ ደብተራው በብራናው ለዘመናት ሲፈትኑት የኖሩት የጋራ ሥራ ውጤት ነው። ስለ ባህል መድኃኒት ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የዕፁ ስም ብቻ ነው። ዕፁ መቼ እንደሚለቀም፣ ከምን ጋር እንደሚዋሐድ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሰጥ የሚደነግገው ሥርዓት ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መድኃኒት ማለት ዕፅ ብቻ ሳይሆን ሥርዓትም መሆኑን በኮሶ ታሪክ ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ስሙን ያሰጣት ከመሬት የሚፈልቀው ማዕድናማ ውኃዋ ነው። ሕዝቡ ፍል ውኃውን ሲታጠብበት፣ ጠበሉን ሲጠጣው ኖሯል፤ በጠርሙስ ተሞልቶ መሸጥ ከጀመረም ዘጠና ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ የምዕራብ ሸዋ ፈውስ በውኃ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ከወንጪና ከአካባቢው ደጋ ኮሶ ይወርዳል፤ ከወይና ደጋው ማሳ ኑግ ይመጣል፤ ከቆላው ወንዝ ዳር መተሬ ይለቀማል፤ ከጫካው እንቆቆ ይሸመጠጣል። እነዚህ ሁሉ ከገበያ ሲገናኙ ገበያው ራሱ የመድኃኒት ቤት መልክ ይይዛል።

ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ሕዝባችን ይህን ዛፍ የፈለገበት ምክንያት ከአመጋገቡ ጋር የተያያዘ ነው። ጥሬ ሥጋ በድግስና በበዓል የሚከበር ምግብ በመሆኑ፣ በከብቱ ሥጋ ውስጥ የተሸሸገው የኮሶ ትል ወደ ሰው አንጀት ይገባል፤ በዚያም ብዙ ሜትር እስኪረዝም ያድጋል። ቋንቋችን ትሉንም መድኃኒቱንም ኮሶ ብሎ መጥራቱ የሁለቱን ቁርኝት ያመለክታል።

ኮሶ የሚጠጣበት ሥርዓት ጥብቅ ነበር። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ አንዳንዱም በማር ያዋሕደዋል። ጠጪው ማታ ጥቂት ቀምሶ ወይም ጾሙን አድሮ፣ ማለዳ በባዶ ሆዱ አተላውን ሳያጠልል በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፤ ከዚያም ትሉ እስኪወጣ ድረስ እህል አይቀምስም። በዚያን ዕለት እንግዳ አይቀበልም፤ ከደጅ አይወጣም። «ኮሶ ጠጥቷል» የሚለው ቃል ከጌታ እስከ ሎሌ የተከበረ ምክንያት ነበር። ጽዋውም በየሁለት ወሩ ገደማ ይደገማል። ይህ ልማድ ብቻ አልነበረም። የትሉ ራስ ከአንጀት ግድግዳ ተጣብቆ ከቀረ፣ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ አካሉን መልሶ ያበቅላል። ሕዝቡ ያለ ማጉያ መነጽር፣ በትዕግሥትና በትዝብት ብቻ የጠላቱን የዕድገት ዘመን ለክቶ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማየት ይገባል። የመድኃኒት ቅመማ ከተውኔት ጋር ይመሳሰላል። መሪው ገጸ ባሕርይ ብቻውን መድረኩን አይሞላም፤ አጋር፣ አስታራቂና መልእክተኛ ያስፈልጉታል። ኮሶው ትሉን አስክሮ ያላቅቃል፤ ሆዱንም ያስቀምጣል። ጠላው ዱቄቱን ይሸከማል፤ ማሩ ምሬቱን ያስታግሣል። ጾሙም ትሉን ያለ መከታ ያስቀረዋል። መተሬ ሲሆን ደግሞ ፍሬው ከኑግ ጋር ተወቅጦና ተለውሶ በባዶ ሆድ ይበላል፤ መተሬው ይዋጋል፣ ኑጉ ያግባባል። እንቆቆና ቀጨሞም ኮሶ ለማይገኝበት ወይም ለማይስማማው ሰው ተተኪዎች ናቸው።

ይህን ዓይነት አስተሳሰብ በጽሑፍ ያጸኑት ቻይናውያን ናቸው። በቻይና ባህል ሕክምና የአንድ ቅመማ ክፍሎች ንጉሥ፣ ሚኒስትር፣ ረዳትና መልእክተኛ ይባላሉ። በ3ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ገደማ ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለው ሐኪም ካቆያቸው ቅመማዎች አንዱ ለብርድ በሽታ የሚሰጥ ሲሆን አራት ዕፆች አሉት። ማ ሁዋንግ የተባለው ዕፅ ንጉሥ ሆኖ ያልባል፤ የቀረፋ ቀንበጥ እንደ ሚኒስትር ያግዘዋል፤ የአፕሪኮት ፍሬ ሳሉን ያበርዳል፤ በሥሩ ጣፋጭ የሆነው ሊኮሪስ ደግሞ ሁሉን ያስማማል። የእኛ ባለ መድኃኒቶች ይህን የማዕረግ ስም አልሰጡም፤ ሥራውን ግን ያውቁት ነበር። ልዩነቱ የቻይናው በመጽሐፍ መጽናቱ፣ የእኛው በአብዛኛው በቃል መቅረቱ ነው።

የቃል እውቀት በቀላሉ ይነጠቃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን ሥሎ ለአንድ የእንግሊዝ ሊቅ መታሰቢያ አደረገው። በ1822 በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብሬየር ስለ አበባው ጻፈ፤ ሌላ የዕፅዋት ሊቅም የብሬየርን ስም ሰጠው። በመጨረሻ የጸናው የሳይንስ ስም ሃጌኒያ የተወሰደው ከካርል ሃገን፣ ከኮኒግስበርጉ ፋርማሲስት ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋን የጎበኘው ሮሼ ደሪኩር አበባውን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በዚያም በውድ ዋጋ ተሸጠ። በ1864 ኮሶ በእንግሊዝ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ሰፈረ። ለዘመናት ቀምሞ ያቆየው ሕዝብ ግን ስሙ በዛፉ ላይ አልተጻፈም።

ጥፋቱ ግን ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። በአሮጌው ሥርዓት እውቀት የመተዳደሪያ ርስት ነበር፤ አባት ለአንድ ልጁ ብቻ ሹክ ይለዋል፤ ልጁ ቀድሞ ከሞተ ምስጢሩ አብሮት ይቀበራል። ሥርዓቱ ጠፍቶ ዕፁ ብቻውን ሲቀር ደግሞ መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል። መጠኑ ያለፈ ኮሶ ዓይን ማሳወሩ፣ ነፍሰ ጡርንም ማስወረዱ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት ኪኒኖች ከመጡ ወዲህ የኮሶ ጽዋ ከብዙ ቤት መውጣቱ ስለዚህ የሚያሳዝን አይደለም። ማንም ወደ ኮሶ ይመለስ አንልም።

ታዲያ የቀድሞውን ሥርዓት መመዝገብ ለምን ያስፈልጋል? መልሱን ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ ሰጥታለች። ለወባ የሚሆን ዕፅ ስትመረምር የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አጥጋቢ አልነበሩም። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ገ ሆንግ ግን ዕፁ ሳይፈላ በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ ጽፎ ነበር። ሙቀት ኃይሉን እንደሚያጠፋው ከዚህች አጭር መመሪያ ተረዳች፤ በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት ፈሳሹን አወጣች፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ከ1,600 ዓመት በኋላ ሚሊዮኖችን ያዳነው የዕፁ ስም ብቻ ሳይሆን የአዘገጃጀቱ ሥርዓት ነው።

በእኛም ሀገር ጅምሮች አሉ። ስቴፋን ስትሬልሲን የግእዝና የአማርኛ የመድኃኒት ብራናዎችን መርምሮ አሳትሟል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት የኮሶንና የአጋሮቹን ታሪክ ጽፏል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎችም ከመተሬ ፍሬ ኪኒን ለማዘጋጀት ጥረዋል። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን እውቀት በመብትነት አውቋል። ዛፉም ቢሆን ለቀይ እንጨቱ ሲባል ሲጨፈጨፍ በመኖሩ፣ በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከጥብቅ ደኖች እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ሆኖም አዋጅ ዛፉን ቢጠብቅ በአዛውንቱ አንደበት ያለውን ሥርዓት ሊጠብቅ አይችልም።

ይህ የእኛ ድርሻ ነው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ይላክ፤ እነርሱም በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ የተነገራቸውን የዕፁን ስም፣ ወቅቱን፣ አጋሩን፣ መጠኑንና ክልክሉን የተናጋሪውን ባለቤትነት አክብረው ይመዝግቡ። የኪነ ጥበብ ሰውም በመድረክ ላይ ባለ መድኃኒቱን ሁልጊዜ አታላይ ጠንቋይ አድርጎ መሣል ይብቃው። ከእያንዳንዱ አዛውንት ጋር የሚቀበረው እውቀት ነገ ሌላ ቱ ዮዮ የምትፈልገው አንድ መስመር ሊሆን ይችላል።